ሞተሩ መሬት ላይ እያለ

«ሂሉክሴ ዘይት ይበላል፣ ጭሱም አላስቀምጥ አለኝ፤ ላሠራው ወይስ ሞተር ልቀይር?» ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ሆኗል። ምክንያቱን ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አሮጌውን ሸጦ ሻል ያለ መግዛት ድሮ ቀረ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በርበሬና በቆሎ የሚያመላልሰው ቶዮታ ሻንሲው እስካልበሰበሰ ድረስ ሞተር እየተቀየረለት ይኖራል።

እኔ ወደ መቀየሩ አደላለሁ። ሲሊንደር በልኩ የሚቦርር ቶርኖ ቤት በቅርብ ከሌለ፣ የታደሰ ሞተር ከጥሩ ያገለገለ ሞተር አይበልጥም።

የድሮዎቹ ሂሉክስና ሃይኤስ ናፍጣ ሞተሮች 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ወንድማማቾች ናቸው። 2446፣ 2779 እና 2986 ሲሲ። አንዱ በሌላው ቦታ ብዙም ሳያስቸግር ይገባል። ከሃይኤስ የወረደ ሞተር ለሂሉክስ ስትገዙ ግን ኮፓውንና የሞተሩን ማረፊያዎች ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ የድሮውን አዛውራችሁ ማሰር ነው።

ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ሞተሩን ከነካምቢዮው ግዙ። ሞተሪኖው የሚታሰረው ካምቢዮው ላይ ስለሆነ፣ አንድ ላይ ከመጣ መሬት ላይ አስነስታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ይህ የድሮ ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር አያውቅም፦ ለሞተሪኖው ባትሪ፣ ለፖምፓው ማቋረጫ 12 ቮልት፣ በጀሪካን ናፍጣ፤ በቃ። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል፤ ሻጩ «ቆሞ ስለከረመ ነው» ቢላችሁም አትስሙ። ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ ውኃ ከዘይት ተገናኝቷል።

ኮምፕሬሽን የምታስለኩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ቡሬ ከ2000 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 30 ካለ እዚህ 24 ቢያነብ ሞተሩ ደህና ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ሞተር «ደካማ ነው» ተብሎ ተመልሷል! ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን እዩ።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ የግዢ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ። አለዚያ ቦሎ ሲደርስ መኪናው ቆሞ እናንተ ትሮጣላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሞተሩን ማውጣትና ማስገባት የሁለት ጠንካራ ሰዎች ሥራ ነው፤ ብልሃቱ መሬት ላይ እያለ የሚደረገው ነው። የጥርስ ቺንጋውን ቀይሩ፤ ያ ቺንጋ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ፒስቶን ከባልቦላ ይጋጫል፣ የገዛችሁት ሞተርም አበቃ። ከቮላኖው ኋላ ያለችውን የዘይት ጎማ ለውጡ፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ በኋላ ካፈሰሰች ግን ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። የፍሪሲዮን ሸራና ኩሽኔታ፣ የውኃ ፖምፓ። ሞተሩ ጎን ላይ ያሉትን ክብ የብረት ክዳኖች ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጓቸው፤ ራዲያተር በወንዝ ውኃ በሚሞላበት አገር ቀድመው የሚበሰብሱት እነሱ ናቸው። መንገዱ እንደ ልብ በማይከፈትበት በዚህ ጊዜ፣ አንዲት ጎማ ከባሕር ዳር እስክትመጣ መኪና ሳምንት ይቆማል።

ለማንሳት ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አናቱ ላይ ታስሮ፣ የሰንሰለት ማንሻ ተንጠልጥሎበት ይበቃል። እግሮቹን ግን ከታች በገመድ ዙሪያውን አያይዟቸው፤ ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ ግንዱ የሚከዳው ተሰብሮ ሳይሆን ተንሸራቶ ነው። የቤት ማገር ላይ የምትሰቅሉ፣ ተዉ። ከሥሩ ማንም አይግባ።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ስትገጥሙ የፍሪሲዮን ሸራው መሃል ላይ ከተቀመጠ በእጅ ግፊት ይገባል። አልገባም ብሎ በቡሎን የሚስብ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ ቅርፊቱ አሉሚኒየም ነው፣ ጆሮው ይሰነጠቃል። ከዚያ የካምቢዮ ዘይት ሙሉ። ሞተሩን አስታውሶ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

የናፍጣውን መስመር አየር አውጡ፣ አስነሱ፣ ውኃና ዘይት ተመልከቱ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከቡሬ በጥሊሊ ወደ እንጅባራ ውጡ፣ መጀመሪያ ባዶውን። ዳገቱ ረጅም ስለሆነ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ካለፈ እዚያው ይታያችኋል። እንጅባራ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ከሥር ጎንበስ ብላችሁ፣ ካምቢዮና ሞተር የሚገናኙበትን ቦታ በጨርቅ ጥረጉና ጥቂት ቆይታችሁ ደግማችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ በማግስቱ ጫኑበት።