በእንግሊዝ በእጅ የተሠራ "ካምፐር" ሽያጭ፤ ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው?

በእንግሊዝ አገር ያገለገለ የዕቃ መጫኛ ቫን ገዝቶ፣ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር ገጥሞ "ካምፐር" ማድረግ የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው በሽያጭ ጊዜ ነው። ባለቤቱ የገዛውን ጣውላና ያፈሰሰውን ጉልበት ደምሮ ዋጋ ሲጠራ፣ ገዥው አስቀድሞ የሚያየው ሞተሩን፣ የተነዳውን ማይልና ዝገቱን ነው። ሻንሲው የዛገ መኪና አልጋው ቢያምርም ገዥ አያገኝም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። በኢትዮጵያ ሊብሬ የሚባለውን የሚመስለው ደብተር እዚያ "ቪ ፋይቭ ሲ" ይባላል። የአዲስ አበባ ደላላ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ይህ ደብተር የባለቤትነት ማስረጃ አለመሆኑን ነው፤ የሚያሳየው መኪናው በማን ኃላፊነት እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዥ የግዢ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ የብድር ዕዳ መኖር አለመኖሩንም ያጣራል።

በደብተሩ ላይ የሠፈረው የአካል ዓይነትም ያከራክራል። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ዲቪኤልኤ ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ አጥብቋል፤ "ሞተር ካራቫን" ብሎ ለመመዝገብ መኪናው ከውጭ ሲታይ ካራቫን መምሰል አለበት። በአንድ ጎን ቢያንስ ሁለት መስኮት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የጥላ ማንጠልጠያ የመሳሰሉትን ያያል። በዚህም የተነሳ ውስጣቸው ሙሉ ቤት የሆነ ብዙ መኪኖች "መስኮት ያለው ቫን" እንደተባሉ ቀርተዋል። ይህ ሕገ ወጥ አያሰኛቸውም። ይሁን እንጂ ሻጩ በማስታወቂያው "ሞተር ካራቫን ተብሎ የተመዘገበ" ብሎ ከጻፈና ደብተሩ ሌላ ካለ፣ ግለሰብም ቢሆን ከገለጻው ጋር የማይስማማ ዕቃ ሸጧል ተብሎ ይከሰሳል። ነጋዴ ከሆነማ በእ.ኤ.አ. 2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ለጥራቱም ተጠያቂ ያደርገዋል።

ክብደትን ብዙ ሻጭ ይረሳዋል። ከእ.ኤ.አ. 1997 ወዲህ የመንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በተራው ፈቃድ የሚነዳው የናፍጣ ቫን እስከ 3,500 ኪሎ የተፈቀደለትን ነው። መቶ ሊትር ውሃ ብቻ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ጣውላው፣ ባትሪውና ተሳፋሪው ሲታከልበት ወሰኑን ማለፍ ቀላል ነው። መኪናውን ሚዛን ላይ አውጥቶ የተሰጠውን ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ ከረጅም ክርክር ይድናል። የጋዝ ምድጃውንም በባለሙያ አስፈትሾ ማስረጃ የያዘ እንዲሁ፤ ጋዝ በጠባብ ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ቦታም ዋጋ አለው። የለንደን የጭስ ቁጥጥር ቀጠና ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ ሁሉንም የከተማዋን ወረዳዎች ስለሚያካትት፣ "ዩሮ 6" ደረጃን ያላሟላ የናፍጣ ቫን በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። እንዲህ ያለው መኪና የተሻለ ገዥ የሚያገኘው ከለንደን ውጭ ነው።

ሻንሲው ያለቀለት ከሆነ ደግሞ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን፣ ባትሪውንና ማሞቂያውን ፈትቶ ለየብቻ መሸጥ፣ ቫኑንም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መስጠት ያዋጣል።