አዲስ ጎማ ለምን መገራት አለበት?

የሞተር ሳይክላችሁ ጎማ አለቀና ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ አዲስ አስገጠማችሁ እንበል። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል። «አሁንማ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል» ብላችሁ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደልማዳችሁ ስታጋድሉ ግን ከሥራችሁ ሊያመልጥ ይችላል። አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን ያዳልጣል?

መልሱ የሚጀምረው ከፋብሪካው ነው። ጎማ የሚሠራው ድኝ የተቀላቀለበት ላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ብረት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ሲበስል ነው። ላስቲክን ከድኝ ጋር የማብሰሉን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1844 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቧል። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ የጎማው ቆዳም ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ምጣድ እንጀራው እንዳይጣበቅበት እንደሚታሰስ ሁሉ፣ ጎማውም ከብረቱ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚደረግ ማለስለሻ አለ፤ አንዳንዴ ትራፊው ላዩ ላይ ይቀራል።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? ጎማ መንገድ የሚይዘው በዋናነት በሁለት ዘዴ ነው። አንደኛ፣ ላስቲኩ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች መሃል እየሰረጎደ ይነክሳል። ሁለተኛ፣ የላስቲኩ ሞለኪውሎች አስፋልቱ ላይ ለቅጽበት ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ይላቀቃሉ። መሃላቸው ስስ ሽፋን ከገባ መጣበቁ ይደክማል። ዝናብ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል።

መኪና አራት እግር ስላለው ቢንሸራተትም ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ሞተር ግን መሬት የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም መዳፍ ቢያክል ነው። ኩርባ የሚዞረውም በማጋደል ነው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ መሬት የሚነካው የጎማው መሃል ብቻ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ብትነዱ መሃሉ ይሻክራል፤ ጠርዙ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ጊዜ የሚመከረው የመጀመሪያውን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በእርጋታ መንዳት ነው። ነዳጅ ባንዴ አትስጡ፣ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዲገባ ሳሙና ተቀብቶ ከሆነ፣ ሳይደርቅ ነዳጅ አብዝታችሁ ብትሰጡ ቸርኬው ጎማው ውስጥ ሊንሸራተት ይችላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ከኩርባ ኩርባ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አጋድሉ። አሮጌው ጎማ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለነበር፣ ክቡ አዲሱ ከለመዳችሁት ፈጥኖ ሲያጋድል አትደንግጡ። ቶሎ ለመጨረስ ብላችሁ በቤንዚን አትጠቡት፤ ላስቲኩን ይጎዳል።

መገራቱን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሞተሩን አቁማችሁ ጎማውን ከመሃል ወደ ጠርዝ ተመልከቱ። የደበዘዘው ክፍል መንገድ የነካው ነው። አሁንም የሚያብረቀርቀው ገና አልተገራም፤ እዚያ ድረስ የምታጋድሉበትን ቀን በቀስታ ጀምሩት።