ርስቱ ለሦስት የተከፈለ ገበያ

ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በሚወርደው የሸርሊ አውራ ጎዳና ዳር፣ በቨርጂንያ ግዛት በአሌክሳንድርያ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሩን የከፈተው ላንድማርክ የተባለው የገበያ ማዕከል፣ ሄክትስን፣ ሲርስንና ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕን የመሳሰሉ ሦስት ታላላቅ መደብሮች በአንድ ቅጥር ሰብስቦ ከኀምሳ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ፣ በጥር 2017 መካከለኛው ክፍሉ ተዘግቶ በ2022 መፍረስ ጀመረ። ኢንተርኔት ገደለው እየተባለ ይነገራል። እኔ ግን ምክንያተ ውድቀቱ ማዕከሉ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ በኪራይ ውሉና በርስቱ አከፋፈል ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማዕከሉ የተወለደበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። በ1954 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ፣ አዲስ የንግድ ሕንፃ የሚሠራ ሰው የሕንፃውን ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ በእርጅና ስም እየቀነሰ ግብሩን እንዲያቃልል ስለ ፈቀደ፣ ይህም ቅናሽ ለሕንፃው እንጂ ለመሬቱ ስላልሆነ፣ መሬት በረከሰበት በከተማ ዳር አዲስ መሥራት አሮጌውን መሀል ከተማ ከማደስ ይልቅ ለባለ ሀብቱ የሚያዋጣ ሆነ። መንግሥት አውራ ጎዳናውን ዘረጋ፤ መኪና ያለው ቤተ ሰብም ተከትሎት ወጣ። ነገር ግን ግንባታውን የሚመራው የሸማቹ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የግብሩ ጥቅም ጭምር በመሆኑ፣ በ1968 ታይሰንስ ኮርነር፣ በ1973 ከላንድማርክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ስፕሪንግፊልድ፣ በ1989 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ደጁ ድረስ የሚያደርሰው ፔንታገን ሲቲ የተባሉ ሌሎች የገበያ ማዕከሎች ተከፈቱ። ላንድማርክም ከእነዚህ ጋር ለመወዳደር ቀድሞ ሜዳ የነበረውን መተላለፊያውን በጣሪያ ከደነ፤ ሆኖም ባቡር አልነበረውም፤ የሸማቹም ኪስ በገበያዎቹ ቍጥር ልክ አልሰፋም።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ፤ የነገሩ ምሥጢር ያለው በዚህ ነውና። በእንዲህ ያለው ማዕከል ታላላቆቹ መደብሮች ሕዝቡን የሚስቡ ስለ ሆኑ፣ ወይ የቆሙበትን መሬት ራሳቸው ይገዙታል፣ ወይም ከስፋታቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ኪራይ ይከፍላሉ፤ የማዕከሉን ባለቤት የሚያኖሩት ጫማና ጌጣጌጥ፣ መነጽርና ልብስ የሚሸጡት ትናንሾቹ ተከራዮች ናቸው፤ እነርሱም ከመደበኛው ኪራይ በላይ ሽያጫቸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ድርሻ ይጨምራሉ። ይህን ሁሉ የሚከፍሉት ታላላቆቹ ስለሚያመጡላቸው ሰው ብለው በመሆኑ፣ ታላቁ መደብር ከሄደ ኪራያቸው እንዲቀነስ ወይም ውላቸውን አፍርሰው እንዲወጡ የሚፈቅድ አንቀጽ በብዙዎቹ ውል ይገባል። ስለዚህ የአንዱ ታላቅ መደብር መዘጋት የአንድ ሱቅ ጉዳት ሆኖ አይቀርም፤ የኪራዩን ገቢ ሁሉ ይንደዋል፤ ገቢው ሲናድ ማደሻ ገንዘብ ይጠፋል፤ ሳይታደስ የቀረውንም ሸማቹ ይሸሸዋል። ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ በ1995 ከስሮ ሲፈርስ፣ በኢንተርኔት የሚፈጸመው ግዢ ገና ከቍጥር የሚገባ አልነበረም፤ በ2000 እንኳ ከአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበር፤ ላንድማርክ በተዘጋበት ዓመትም ከመቶ ዘጠኝ አካባቢ ነው። ኢንተርኔት የታመመውን አደከመ እንጂ በሽታውን እርሱ አላመጣም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሞቱ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ የባከነው ዘመን ነው። የከተማው ምክር ቤት ማዕከሉ ፈርሶ መኖሪያና ሱቅ የተቀላቀለበት ሰፈር እንዲሆን በ2013 ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ሄክታር የሚያህለው ቦታ የሦስት ባለቤቶች ነበር፤ መካከሉ የሀዋርድ ሂዩዝ ኩባንያ፣ ሁለቱ ዳርቻዎች ደግሞ የሁለቱ ታላላቅ መደብሮች፣ የሲርስና ሄክትስን የተካው የማሲስ። በእንዲህ ያለ ቦታ መኪና ማቆሚያውና መተላለፊያው በጋራ ውል ስለሚታሰር፣ ገበያው ሲደምቅ የኅብረት ዋስትና የነበረው ስምምነት ገበያው ሲጠፋ የእያንዳንዱ የመከልከያ ሥልጣን ይሆናል። ኩባንያው የማሲስን ድርሻ በ22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው በ2017 መጀመሪያ ነው፤ ሲርስ ግን እስከ 2020 ድረስ በባዶው ቅጥር ዳር ብቻውን ሲሸጥ ቆየ። በመካከሉ የማሲስ ሕንፃ ከፊሉ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጊዜያዊ መጠለያ ሆኖ አገልግሏል፤ በእኔ አስተያየት ሕንፃው ከሠራው ሥራ ሁሉ የከበረው ይህ ነው።

ቋጠሮውን የፈታው በመጨረሻ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከተማው 140 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ለመበደር ተስማማ፤ በ54ቱ ሚሊዮን መሬት ገዝቶ ለኢኖቫ ሆስፒታል በረጅም ዘመን ኪራይ ሲሰጥ፣ ቀሪው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት ዋለ፤ ዕዳው ከአዲሱ ሰፈር በሚገኘው ግብር እንዲከፈል ታስቧል፤ ሆስፒታሉም በ2028 እንዲከፈት ታቅዷል። ገበያ ሲሞት ያላለቀሰው ሁሉ፣ ግብር ከፋዩ ለቀብሩም ለትንሣኤውም መዋጮ እንደሚጠየቅ ይወቅ።

ይህ ሰፈር ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ አይደለም፤ ከተማው ማስታወቂያውን በአማርኛ ጭምር የሚያወጣው ብዙ ወገናችን በዚያው ስለሚኖር ነው። አዲስ ሕንፃ አዲስ ኪራይ ይዞ ይመጣልና፣ በዙሪያው ባሉት አሮጌ ሕንፃዎች ሱቅ ተከራይቶ የሚያድር ነጋዴ የውሉ ዘመን መቼ እንደሚያልቅ፣ የማደስ መብቱ በጽሑፍ መኖር አለመኖሩን፣ አጠገቡ ያለው ታላቅ መደብር ቢዘጋ ኪራዩ ይቀነስለት እንደ ሆነ ዛሬውኑ በሕግ ዐዋቂ ማስመርመር ይገባዋል፤ ምክር ቤቱም በ140 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የተገዛው ዕድገት ለትናንሾቹ ነጋዴዎች ስንት ሱቅ ሊከፍሉት በሚችሉት ኪራይ እንደሚያስቀር፣ የሱቆቹ ውሎች ሁሉ ከመፈረማቸው በፊት በአደባባይ ሊጠየቅ ይገባል።