ጣዝማ፦ ከቁፋሮ ወደ እርባታ

ከተራው ማር በበለጠ ዋጋ የሚሸጠው የጣዝማ ማር፣ ሳል ለያዘው ሰው ፍቱን ነው እየተባለ ከአበው ዘመን ጀምሮ ሲፈለግ የኖረ ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚገኘው ምድር ተቆፍሮ የንቢቱ ማደሪያ ሲፈርስ ነው። ሊቃውንቱ ሜሊፖኑላ ቤካሪ የሚሏት ይህች ደቂቅ ንብ መንደፍ የማይቻላት ስለ ሆነች ደኅንነቷን ለምድር ከርሥ አደራ ሰጥታ፣ ጕድጓዷን በሰምና በዛፍ ሙጫ ለብጣ፣ ማሯን በትናንሽ የሰም ማድጋዎች ታኖራለች፤ ቆፋሪው ማሩን ይዞ ሲሄድ ግን እጩም ንግሥቲቱም ለጕንዳን ስለሚቀሩ፣ ወደ ገበያ የወጣው የዓመቱ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ፍሬውን የሚያስገኘው ጥሪት ጭምር ነው።

ይህን ጥሪት ጠብቆ ፍሬውን ብቻ መብላት እንደሚቻል፣ ስፔናውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በዩካታን ልሳነ ምድር የማያ ሕዝብ ሹናን ካብ የተባለችውን የማትናደፍ ንብ በተቦረቦረ ግንድ ሲያረቡ መኖራቸው ምስክር ነው። የእኛዋ ጣዝማ ግን የምድር ውስጥ ኗሪ ናትና ሙቀትና ብርድ የማይፈራረቅበት ቤት ትሻለች፤ ስለዚህ ጀማሪው ወፍራም የሸክላ ገንቦ ወይም ወፈር ያለ የእንጨት ሣጥን አዘጋጅቶ ከጥላ ሥር ያኑር። መንጋውን ወደዚህ ቤት ለማዛወር የሚደረገው ቁፋሮም ዝናብ በሌለበት፣ አበባ በበዛበት ወራት ይሁን። የእጩን እንጀራ ሲያነሣ ከቶ እንዳይገለብጠው ይጠንቀቅ፤ እንቍላሉ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በፈሳሽ ምግብ ላይ የተንሳፈፈ ነውና ቢገለበጥ ሰጥሞ ይሞታል። የተሰበረው የማር ማድጋ ጕንዳንና ዝንብ ስለሚጠራ ወደ አዲሱ ቤት አይግባ፤ የቀፎውም በር በቀድሞው መግቢያ አጠገብ ቢሆን ለቀሰም የወጡት ሠራተኞች ቤታቸውን አያጡም። በመጀመሪያው ዘመን ማር መቍረጥ አይገባም፤ ኋላም ቢሆን የንቦቹ ድርሻ ሳይነካ ትርፉ ብቻ ይወሰድ።

የገበያውን ነገር ስንመረምር፣ የጣዝማ ማር ውኃው የበዛ፣ ጣዕሙም ወደ ኮምጣጣነት ያደላ በመሆኑ፣ እርጥበት ከመቶ 20 እንዳይበልጥ በሚያዝዘው ዓለም አቀፍ መለኪያ አይመዘንም፤ የአውሮፓ ኅብረት የ2001 እ.ኤ.አ. መመሪያም ማር ብሎ የሚጠራው የተራዋን የማር ንብ ሥራ ብቻ ነው። ማሌዢያ ይህን አይታ በ2017 እ.ኤ.አ. ለማትናደፍ ንብ ማር የራሷን የደረጃ ሕግ አወጣች። እኛም ለጣዝማ የተለየ ደረጃ ካላቆምን፣ በስሟ የሚሸጠውን ቅይጥ ከእውነተኛው ለይቶ የሚፈርድ ሚዛን አይኖረንም።

እንግዲህ ገበሬው ብድር ሳይገባ በጥቂት ቀፎ ይጀምር፤ የንብ ምርምር ጣቢያዎችም የማዛወሩንና መንጋውን ከፍሎ የማብዛቱን ጥበብ እስከ ገጠር ያድርሱለት። ከሁሉ በላይ ግን ነጋዴው በእርባታ ለተገኘው ማር ብልጫ ያለው ዋጋ ሊከፍል ይገባዋል፤ ቆፋሪና አርቢ አንድ ዋጋ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ዓመት ሙሉ ከሚጠብቀው ይልቅ በአንድ ቀን የሚያፈርሰው ተጠቃሚ ሆኖ ይቀራልና።