የሚላጠው የጎማ ቅብ

ከጣሳ እየተነፋ መኪና ላይ የሚያርፍ፣ ሲደርቅ ስስ የጎማ ቆዳ የሚሆን፣ ባለቤቱ ሲሰለቸው ደግሞ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተስቦ የሚነሳ ቅብ አለ። በብዛት የሚታወቀው ፕላስቲ ዲፕ በሚል የንግድ ስም ነው። አምራቹ ኩባንያ በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሲመሠረት ዓላማው መኪና አልነበረም፤ የፒንሳና የመሳሰሉት መሣሪያዎች እጀታ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ የማያዳልጥ የጎማ መያዣ እንዲያገኝ ነበር። ኋላ ፈሳሹ በጣሳ እየተነፋ የሚሠራበት ሆኖ ሲመጣ የመኪና ወዳጆች ለቸርኬ፣ ለግሪልና ለአርማ አዋሉት።

ቅቡ በጣም የሚያምርበት ቦታም ይኸው የመኪናው ጌጥ ነው። በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ መስቀል ፍላወር፣ በሆቴሎቹና በምግብ ቤቶቹ ደጃፍ በሚቆሙት መኪኖች ላይ ምክንያቱ በዓይን ይታያል። ዕድሜ በጠገበ መኪና የላሜራው ቀለም ገና ደህና ሳለ የግሪሉ ክሮም ይላጣል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው የሚያብረቀርቅ ዘንግ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቸርኬው በፍሬን ብናኝ ይጠቁራል። እነዚህን በአዲስ መተካት ኪስ ይጎዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አሳምሮ ማቆየት ይበልጥ የሚያዋጣ ሆኗል። ማስጌጫውን በቋሚ ቀለም ማጥቆር አንድ አማራጭ ቢሆንም መመለሻ የለውም፤ ስቲከርም ቢሆን ለለጥ ያለ ገጽ እንጂ ለግሪል ጥርሶችና ለአርማ ጎድጓዳ አይመችም። የጎማው ቅብ ሁለቱንም ችግር ያልፋል። በየስንጥቁ ይገባል፤ የፋብሪካውን ሥራ ግን ከሥር ሳይነካ ያስቀምጣል። ሊብሬ ላይ የሚመዘገበው የመኪናው ገላ ቀለም ስለሆነም ግሪልና አርማ ማጥቆር ሰነዱን አይነካውም። መላ ገላውን በሌላ ቀለም መሸፈን ግን ከሊብሬው ጋር ያጋጫል።

ፈሳሹ በቶሉይንና በመሰል ተናኝ ማሟሚያዎች የሟሟ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ሲነፋ ማሟሚያው ይተናል፤ የጎማው ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናሉ። ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር አይዋሐድም፤ ገጽ ለገጽ ተነካክቶ ተለጥፎ ብቻ ይቀመጣል። ሥራውን ሁሉ የሚወስነው ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው። ሽፋኑ ቢወፍርም ቢሳሳም መኪናው ላይ የሚጣበቅበት ኃይል ያን ያህል አይለያይም፤ ሲሳብ ሳይበጠስ የሚቆይበት ጥንካሬ ግን ከውፍረቱ ጋር ያድጋል። ስለዚህ የወፈረው ሲጎተት በአንድ ቁራጭ ይነሳል፣ የሳሳው እየተበጣጠሰ ይቀራል። ጣሳ ለመቆጠብ ሲል በሁለት ዙር የሚያቆም ቀቢ ባለቤቱን በኋላ በጥፍር ለመፋቅ ይዳርገዋል።

ዝግጅቱ ከመንፋቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ቦታው በሳሙና ይታጠባል፤ ሰም፣ ቅባትና የጎማ ማስዋቢያ ቀሪ እስኪጠፋ ይወለወላል፤ ከዚያም ጠብታ ሳይቀር ይደርቃል። በዙሪያው ያለው በፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፈናል። ለቸርኬ ብልሃቱ የተቆራረጠ ካርቶን በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ዙሪያውን መሰካት ነው። ጣሳው በደንብ ከተናጠ በኋላ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተይዞ፣ እጅ ሳይቆም እየሄደ ይነፋል። የመጀመሪያው ዙር የሥሩን ቀለም ግማሽ በግማሽ ማሳየት አለበት፤ በአንዴ ለመሸፈን ከተሞከረ ይወርዳል። የሚቀጥሉት አራት ወይም አምስት ዙሮች ርጥበት ያላቸው ሆነው፣ በመካከላቸው እስከ ግማሽ ሰዓት እየተጠበቀ ይደራረባሉ። ፕላስተሩ የሚነሳው የመጨረሻው ዙር ገና ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ ጠርዙን ቀዶ ይሄዳል። ለአራት ቸርኬ አንድ ጣሳ አይበቃም።

አርማ ላይ ሲሆን ሥራው ያስደስታል። ፊደል ለፊደል መሸፈን አያስፈልግም፤ አርማውና በዙሪያው ያለው ጥቂት ላሜራ አብሮ ይነፋል። ሲደርቅ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ በፊደላቱ ግርጌ ዙሪያውን በቀስታ ይጫርና ትርፉ ሽፋን ይሳባል። ላሜራው ንጹሕ ሆኖ ይገለጣል፤ ጥቁሩ በፊደላቱ ላይ ብቻ ይቀራል።

የአዲስ አበባ አየር የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ርጥበቱ ሲበዛ ማሟሚያው እየተነነ ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛ ይቋጥራል፣ ጥቁሩ ወደ ነጭ ያደላል። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ የጋለው ብረት ቅቡን ቶሎ ያደርቀውና ገጹ ይሻክራል። ነፋስ ያልበዛበት፣ ዝናብ የማይጠረጠርበት የበጋ ረፋድ በጥላ ሥር ከሁሉም ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ በመሆኗ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላ ይበረታል፤ ጎማን የሚያደርቀውና የሚያሰነጥቀው አንዱ እሱ ነው። ላቫጆ ላይ ትልቁ ጠላት ከቅርብ የተነጣጠረ ኃይለኛ የውኃ ግፊት ነው፤ ጠርዙን ካገኘ ሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ቤንዚን፣ ናፍጣና ቲነር ደግሞ ጎማውን ስለሚያለሰልሱት በነዳጅ መሙያው አካባቢ ባይቀባ ይመረጣል።

ሌሎችም የማይቀቡ ቦታዎች አሉ። መብራትና ፍሬቻን ማጥቆር በሌሊት ሌላውን ሾፌር ዓይን መንሳት ስለሆነ ለውበት ተብሎ ሊደረግ አይገባም። በቅርቡ የተቀባ፣ ወይም ከሥሩ ስቱኮ ኖሮ በደንብ ያልያዘ ላሜራ ላይም ያሰጋል፤ ቅቡ ሲላጥ ደካማውን ቀለም ይዞት ሊነሳ ይችላል። ሻካራ ጥቁር ፕላስቲክ ቅቡን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚይዘው መላጡ ይከብዳል። ትነቱ የራስ ምታት ያመጣል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ቤትና ጋራዥ በተጠጋጉበት ግቢ ውስጥ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል እንኳ ከሥራው መራቅ አለበት፤ ቀቢው ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ ሊያደርግ ይገባል።

ቅቡ የሚላጠው ከጠርዝ ተጀምሮ ነው። ጠርዙ በአውራ ጣት እየታሸ ይጠቀለላል፣ ሲነሳ ሳይቸኩሉ ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ይሳባል። በፀሐይ ሞቅ ሲል ይለሰልሳልና ሥራው ይቀላል። ተበጣጥሶ እንቢ ያለው ስስ ሽፋን በምላጭ አይፋቅም፤ በላዩ ሁለትና ሦስት ዙር አዲስ ቅብ ተነፍቶ ሲደርቅ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሳል።