194,313፦ ፋሲካን ወደ ቦታው የሚመልሰው ቁጥር

እንፍራንዝ ውስጥ አንድ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ደብተር ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። የልጁ እናት አዲስ አበባ ትሠራለች። ሁለት ፋሲካ ሳትመጣ ቀርታለች፤ ለ2019 ዓ.ም. ፈቃድ ለመጠየቅ ቀኑን ከወዲሁ ፈልጋለች። አያትየው በጣታቸው አንጓ ቆጥረው «ሚያዝያ 24» አሉ።

«አባባ፣ በምን አወቁ?»

መልሱ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሰለቹት የማካፈል ቀሪ ነው። 5,500 ሲደመር 2,019፣ 7,519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ 13፤ ወንበር የሚባለው ይህ ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 7 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስላነሰ ጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመር 15፤ መባጃ ሐመር። ነነዌ የካቲት 15 ትገባለች። በ15 ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲደመር 24።

ልጁ ራሱ ሞከረ። አንዷን መቀነስ ረስቶ ሚያዝያ 10 አገኘ። በዚያ ስሌት እናቱ ሁዳዴ ሳይፈታ መጥታ ትመለስ ነበር! አያቱ ሳቁና እንደገና አስቆጠሩት።

ትልቁ ቁጥር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፋሲካ በመካከልም ሚያዝያ 24 ላይ ሊውል ይችላል፤ የዓመታቱ ሰልፍ እንዳለ የሚደገመው ግን በ532 ዓመት አንዴ ነው። ለምን? የጨረቃው ዙር 19 ዓመት ነው፤ በቀን ሲቆጠር 6,939 ከሦስት ሩብ። ሩቡ እንዲሞላ በአራት እናባዛው፤ 76 ዓመት፣ 27,759 ቀን። ማእከላዊ ቀመር ይሉታል። ይህን ለሰባት ብናካፍለው 4 ይቀራል፤ እሑድ ሐሙስ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሰባት ጊዜ መደጋገም አለበት፤ 532 ዓመት፣ 194,313 ቀን፣ ያለ ምንም ቀሪ 27,759 ሳምንት። ይህ ዐቢይ ቀመር ነው። የ76 ዓመቱ ቀናትና የ532 ዓመቱ ሳምንታት ቁጥራቸው አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ 194,313ን ይበትነው፤ 3፣ 7፣ 19 እና 487 ያገኛል። ሰባቱ ሳምንት፣ አሥራ ዘጠኙ ጨረቃ ነው። 3 በ487 ደግሞ 1,461 ይሆናል፤ የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀናት ድምር። (እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ 11 ደቂቃ ያህል ስለሚያንስ፣ በ532 ዓመት አራት ቀን ገደማ ይዛነፋል። ቁጥሩ ልክ የሚሆነው ለዘመን አቆጣጠራችን ነው።)

ከ2019 ላይ 532 ሲቀነስ 1487 ነው። በዚያም ዓመት፣ በአፄ ናዖድ ዘመን፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ውሏል። ከእንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ያኔ ገና አልተሠራም ነበር።

ልጁ በሁለተኛው ሙከራ 24 ሲያገኝ ስልኩን አነሳ። «እማዬ፣ ሚያዝያ 24 ነው፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት» አላት።