ስለ ባሕር ጠላቂ መጠባበቂያ አየር

ባለፈው ክረምት ኤላት ከሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሄጄ በቀይ ባሕር መጥለቅን ተማርሁ። አጎቴ በጀርባው ከሚሸከመው ትልቅ ሲሊንደር ሌላ፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ ሲሊንደር ያስራል። «ይህስ ለምንድር ነው?» ብለው፣ «ልጄ፣ ትልቁ እምቢ ያለ ቀን የምመለስበት ነው» አለኝ።

ትንሹ የራሱ መተንፈሻና የራሱ ግፊት መለኪያ ሊኖረው ይገባል፤ ከትልቁ ጋር ከተጋራማ መጠባበቂያ አይባልም። መጠኑም በግምት አይሆንም። ባለ 3 ሊትሩ በ200 ባር ሲሞላ 600 ሊትር አየር ይሰጣል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ፣ ደንግጦ በደቂቃ 30 ሊትር የሚስብ ሰው እዚያ ታች 120 ሊትር ይጨርሳል። አንድ ደቂቃ ለማሰብ፣ ከዚያ በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ሲያርፍ ብለን ብንደምር 500 ሊትር ያህል ሆነ። (በሒሳብ ክፍል እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም!) የግማሽ ሊትሩማ እታች አንድ ደቂቃ እንኳ አያደርስም።

መተንፈሻው በላስቲክ ከአገጭ ሥር ይንጠለጠላል፤ ሳይጠልቁም ቫልቩን ከፍተው ይሞክሩታል። እኔ ግን አንድ ቀን ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለማመድ ሁለቱ መተንፈሻዎች ተመሳስለውብኝ የትንሹን ነክሼ ገባሁ። አጎቴ እጄን ይዞ ሲያቆመኝ፣ 200 የነበረው መለኪያ 90 ደርሷል። ማታውኑ በትንሹ መተንፈሻ ላይ ቢጫ ፕላስተር ጠመጠምሁበት።